ያልተለወጠውንም አንብቢልኝ

ስልኩ ሲጠራ ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ የሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ እርማት ተዘርግቶ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ነው።

“ወይንሸት ነሽ? ግርማ ነኝ፤ የስቴሽኗ ግርማ።”

ድምፁን ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። ቀጥሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ ለምን እንደደወለ ገባኝ።

“ጋሽ ከድር ዛሬ ንጋት ላይ አርፈዋል። ቀብራቸው ሰባት ሰዓት ነው። ድንኳኑ ቄራ፣ ቤታቸው በር ላይ ተተክሏል።”

እሺ ብዬ ዘጋሁና ወደ ገጹ ተመለስኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ፊቴን አይታ “ምነው?” አለችኝ። “ይቺን ገጽ ልጨርስ” አልኳት። ከአምናው እትም አንድም ፊደል ያልተነካበትን የመጨረሻውን አንቀጽ ሳይቀር ቃል በቃል አነበብኩት። ነጠላዬን አንስቼ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። የሰማ ሰው ልበ ደረቅ ሊለኝ ይችላል። እሳቸው ግን ቢያዩኝ ምንም አይሉም ነበር፤ እንዲህ እንዳነብ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸውና።

ጋሽ ከድር መካኒክ ነበሩ። ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ ነበራቸው። ዛሬ ቦታው ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ቆሟል፤ በዚያ ሳልፍ በሩ የቱ ጋ እንደነበር እንኳን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ። ጸሐፊ ማለቴ፣ በሩ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና እመዘግባለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ደብዳቤ ሲመጣ አነባለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ጋራዡ ስቀጠር ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ።

የቀጠሩኝ ቀን ስለ ትምህርቴም ስለ ቤተሰቤም አልጠየቁኝም። ከአንድ የዘይት ማጣሪያ ካርቶን ውስጥ የወጣች፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈች ወረቀት ሰጡኝና “ምን ትላለች?” አሉኝ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። መሀል ላይ አንዲት ቃል ጋ ስደርስ ቆምኩ።

“ይቺኛዋን አላውቃትም።”

“አልፈሽ አትሄጂም?”

“የማላውቃትን እንዴት አልፋለሁ?”

“ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ” አሉኝ።

ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ ቱታቸው ላይ ኮት ይደርባሉ። እንግሊዝኛ እንደማያውቁ ከማንም አይደብቁም፤ ለደንበኛው ሁሉ “እኔ ጆሮና እጅ ነው ያለኝ፤ ዓይኔ ወይንሸት ናት” ይሉ ነበር። ጆሯቸው ግን ጆሮ ነበር። ሞተሩ እየሠራ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉና ዓይናቸውን ከድነው ይቆማሉ። ግቢው ጸጥ ይላል። ቆይተው ቀስ ብለው “ሦስተኛዋ ካንዴላ” ይላሉ። እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎች ሲፈቱ ጠቁራ የምትገኘው ሦስተኛዋ ናት። አንድ ቀን ደፍሬ እንዴት እንደሚያውቁ ጠየቅኋቸው።

“አራት ሰው አብሮ ሲዘፍን አንዱ ዝም ቢል አትሰሚም?” አሉኝ። እኔ እንጃ፤ የምሰማ አይመስለኝም።

ከጋራዣችን ብዙ የማይርቅ አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ነበር። ለመስክ ሥራ የሚጠቀመው በትናንሽ ስቴሽን ዋገኖች ነው። ቁመቷ እንደ አውቶሞቢል ዝቅ ያለ፣ ጀርባዋ ለዕቃ የረዘመ፣ ሲያስፈልግ በአራቱም ጎማ የምትጎትት መኪና ናት። ትልልቆቹ ጭቃ ውስጥ ሲያቃስቱ እሷ ሾልካ ትወጣለች። ድርጅቱ በየዓመቱ አንድ ወይ ሁለት አዲስ ያስመጣል፣ አሮጌዎቹን ይሸኛል፤ ሁሉም የሚታዩት እኛ ጋ ነው። ጋሽ ከድር ይወዷት ነበር። አዲስ ሞዴል መጣች በተባለ ቁጥር የሚያደርጉትን ላላየ ሰው ማስረዳት ይቸግረኛል።

ሌላው መካኒክ የፊት መብራቷን አይቶ፣ ወንበሯን ነካክቶ፣ “ያው ናት፤ ትንሽ ቀባብተዋት ነው” ብሎ ያልፋል። እሳቸው ሞተሯ እንዲነሳ እንኳን አይፈቅዱም። መጀመሪያ እጃቸውን በሰጋቱራና በሳሙና ይታጠባሉ። ከዚያ የአምናዋን አስመጥተው ከዘንድሮዋ ጎን ያስቆሟታል፤ ሁለቱም አፍንጫቸው ወደ በሩ። በሁለቱ መሀል ገብተው እየዳሰሱ ይዞራሉ፦ የበሩን መገጣጠሚያ፣ የጎማውን ዙሪያ፣ የሆዷን ሥር። መካኒኮቹ ሥራ አቁመው ዳር ቆመው ያያሉ።

“ፈረንጅ ዓመቱ ሳይገባ ሞዴሉን ያወጣል” ይላሉ እየዳሰሱ። “እኛ ደግሞ ከእነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ኋላ ነን። ስለዚህ ይቺ ልጅ በእኛ ቆጠራ ገና አልተወለደችም። ቀስ ብላችሁ ንኳት።”

አንድ ዓመት፣ ምንም አዲስ ነገር የላትም በተባለች ሞዴል ሥር ተኝተው እጃቸውን ሲያሳልፉ ድንገት ቆሙ። “ክሪክ የሚገባበት ቦታ ሄዷል” አሉ፤ መኪና ማንሻው ማለታቸው ነው። አምና ከነበረበት አንድ ስንዝር ወደኋላ ተዛውሯል፤ በዓይን ሲታይ አይለይም። በዚያው ወር ሌላ ቦታ ጎማ ሲቀየርላቸው በአምናው ቦታ ክሪክ የገባባቸው ሁለት መኪናዎች ሆዳቸው ተጨራምቶ መጡልን። ከእኛዎቹ አንዷም አልተነካችም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ደላላ ገዢ ይዞ መጣ። የዘንድሮ ሞዴል ናት ይላል፤ መብራቷም ፊቷም የዘንድሮ ነው። ጋሽ ከድር ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙና “በሯን ዝጋት” አሉት። ዘጋ።

“ድገም።”

ደገመ።

“የአምናዋ ናት። ፊቷን ቀይራችሁላታል። የዘንድሮዋ በር ሲዘጋ ትንፋሽ አለው።”

“ኧረ ጋሽ ከድር፣ በበር ድምፅ የሰው እንጀራ ያበላሻሉ?” አለ ደላላው።

“ሊብሬዋን አምጣና ወይንሸት ታንብበው” አሉት። ደላላው ሊብሬውን ቤት ረስቶት ነበር። ገዢው ሳቀና መኪናውን ትቶ በእግሩ ሄደ።

ከዳሰሳው በኋላ የኔ ተራ ይደርሳል። የሁለቱንም መኪናዎች የአያያዝ መጽሐፍ ይዤ እወጣለሁ፤ እሳቸው በተገለበጠ ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የአምናውን፣ ቀጥሎ የዘንድሮውን አነብና በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ማናበብ ይሉታል። ከዓመታት በኋላ ማተሚያ ቤት ስገባ ይህንኑ ቃል ለዚሁ ዓይነት ሥራ አገኘሁት። የተለወጠ ነገር ሲሰሙ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ። ሥራው ሦስት ጠዋት ይፈጃል። የመጽሐፉን ፊደል አንዱንም ሳይለዩ፣ ካነበብኩላቸው ሁለት ዓመት ያለፈውን “ያኔ እኮ እንዲህ ይል ነበር” ብለው ያርሙኛል። ሄጄ ስፈትሽ ልክ ናቸው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በደረስኩበት ዓመት የመጣችው ሞዴል ብዙ ነገሯ ተለውጦ ነበር። ጋሽ ከድር መሪው አጠገብ እጃቸውን ልከው ፈለጉ ፈለጉና “ቁልፏ የታለች?” አሉ። እስከ አምና ድረስ፣ አራቱም ጎማ እንዲጎትት ሾፌሩ የሚጫናት አንዲት ቁልፍ ነበረች፤ ካልተጫናት የሚጎትቱት የፊቶቹ ብቻ ናቸው። ዘንድሮ የለችም። መጽሐፉን ገልጬ አነበብኩላቸው። ከእንግዲህ አራቱም ጎማ በራሳቸው፣ ተካፍለው ይጎትታሉ ይላል።

“ሁልጊዜ?”

“ሁልጊዜ ነው የሚለው።”

“አስፋልት ላይም?”

“አስፋልት ላይም።”

ቁልፏ የነበረችበትን ቦታ በጣታቸው ዳበሱ። ከዚያ “እንግዲህ አራቱም እኩል ሆኑ” አሉ፤ ጥሩ ዜና እንደሰማ ሰው ፊታቸው በራ።

በሦስተኛው ጠዋት መጽሐፉ ወደ መጨረሻው ተቃርቦ ነበር። የቀሩት የጎማው፣ የአምፖሉና የፊውዙ ምዕራፎች ናቸው፤ ዓመት በዓመት የማይለወጡ ሰንጠረዦች። የመልቀቂያ ፈተናዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የፊዚክስ ደብተሬ ክፍሌ ውስጥ ተከፍቶ ይጠብቀኛል፤ ልቤ እዚያ ነበር። የጎማውን ምዕራፍ የመጀመሪያ ገጽ ከአምናው ጋር አስተያየሁት። ያው ሥዕል፣ ያው ሰንጠረዥ። መጽሐፉን ዘጋሁት።

“ከዚህ በኋላ ያው ነው” አልኳቸው።

“ያው ነው?”

“ያው ነው ጋሽ ከድር።”

“አላህ ይስጥሽ” ብለው ተነሱ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። የማላውቃትን ቃል አላልፍም ብዬ የተቀጠርኩ ሰው ነኝ።

በከተማችን ጎማ ሁለት ሁለት ነው የሚቀየረው። ጎሚስታውም፣ ሾፌሩም፣ የየድርጅቱ ንብረት ክፍልም የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ ያለቁት ሁለቱ ይጣላሉ፣ ደህናዎቹ ወደኋላ ይሄዳሉ፣ አዲሶቹ ከፊት ይገባሉ። ከወራት በኋላ ያቺ ስቴሽን ጎማዋ ሲያልቅ እኛም እንደዚያው አደረግን። መዝገቡ ላይ “ሁለት ጎማ፣ ከፊት” ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ሾፌሯ ግርማ ነበር። ቀልደኛ፣ አራት ልጆች ያሉት፣ መኪናዋን ሰው እንዲያጥብለት የማይፈቅድ። በሳምንቱ ወደ ባሌ ይዟት ወጣ። የተመለሰችው በጭነት መኪና ተጭና ነው። ከሞተሩ የሚመጣውን ጉልበት ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ዕቃ ተቃጥሎ ነበር። መኪናዋ አዲስ ናት፤ ስለዚህ ሾፌሩ አንገላቷት ነው ተባለ። የስንብት ደብዳቤው እየተጻፈ ነው፤ አርብ ይሰጠዋል።

ረቡዕ ጠዋት ግርማ ጋራዡ መጣ። ቀልዱ እንኳን ከአፉ ግማሽ ግማሹ ነበር የሚወጣው።

“ጋሽ ከድር፣ በልጆቼ ይዤዎታለሁ፣ አላንገላታኋትም። ገና ከሞጆ ጀምሮ ስትታጠፍ ትከብደኝ ነበር። ታጉረመርማለች። ምን ሆነሻል አንቺ እላታለሁ፤ እንደ ሚስቴ አትመልስልኝም።”

“ስትታጠፍ ነው?”

“ስትታጠፍ። ቀጥ ባለው መንገድ ምንም።”

“ሂድ ወደ ሥራህ” አሉት። “እስከ አርብ ደብዳቤ አትቀበል።”

እሱ ሲወጣ ከኮታቸው ኪስ ሲባጎ አወጡ። የፊት ጎማዋን ዙሪያ ለክተው ሲባጎውን በጣታቸው ያዙና ወደ ኋላው ጎማ ሄዱ። ሁለት ጣት ተረፈ። ደግመው ለኩ። ሁለት ጣት። ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡና “ወይንሸት፣ የዘንድሮዋን መጽሐፍ” አሉ። “የጎማውን።”

ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ያው ሥዕል፣ ያው ሰንጠረዥ። በሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣ አምና ባዶ በነበረ ቦታ ላይ፣ ሁለት መስመር ነበረች። አራቱ ጎማዎች እኩል ካልሆኑ አካፋዩ ዕቃ እንደሚጎዳ የምታስጠነቅቅ። ለራሴ አነበብኳት፤ ከዚያ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የገዛ ድምፄ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር።

አላዩኝም። ሲባጎውን ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ እንደገና ጠቀለሉ። ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ።

“መጽሐፉን ያዢና ነይ” አሉኝ።

ድርጅቱ ቢሮ በእግራችን ሄድን። የአስተዳደር ኃላፊዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ ወንበር አሳየቻቸው፣ አልተቀመጡም። ሲባጎውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጉት።

“ልጁን አትንኩት። ጥፋቱ የጋራዡ ነው። አዲሱ ጎማና አሮጌው ጎማ በዚህን ያህል ይለያያሉ” አሉ፣ ሁለት ጣታቸውን ሲባጎው ላይ አሳርፈው። “አምና ቢሆን ምንም አልነበረም። የዘንድሮዋ ግን አራቱንም ሁልጊዜ አያይዛ ነው የምትሄደው፤ ልዩነቱን መሀል ያለው ዕቃ ተሸከመው፤ አልቻለም፣ ተቃጠለ። መጽሐፉ ላይ ተጽፏል።”

ኃላፊዋ መጽሐፉን ወደያዝኩት ወደ እኔ ዞረች።

“እንግሊዝኛውን የምታነቢላቸው አንቺ አይደለሽም? ይህን አላነበብሽላቸውም?”

አፌን ከፈትኩ። ቃል ሳይወጣኝ ቀደሙኝ።

“አንብባልኛለች” አሉ። “ያልሰማሁት እኔ ነኝ።”

ጋሽ ከድር ተጠግኖ የማይደርስን መኪና “ነገ ይደርሳል” ብለው ለደንበኛ የማይናገሩ ሰው ነበሩ፤ መካኒክ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሲዋሹ የሰማሁት ያን አንድ ጊዜ ነው። የዋሹትም በጆሯቸው ላይ ነው። እኔ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ቆምኩ፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ስንመለስ፣ መንገድ ለመሻገር ቆመን ሳለ “ጋሽ ከድር፣ እኔ እኮ ያን ቀን…” ብዬ ጀመርኩ።

“ቁልፏ ስትጠፋ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ” አሉኝ። “አራቱም እኩል ሆኑ ብዬ በአፌ ተናግሬ ጎማውን ሁለት ሁለት ቀየርኩ።”

“ግን እኔ ነኝ ያው ነው ያልኩት።”

“በቃ። መንገዱ ተለቋል፣ ተሻገሪ።”

ግርማ ሥራው ላይ ቆየ። የድርጅቱ መኪናዎች ግን ከዚያ ሳምንት ወዲህ ግቢያችንን አልረገጡም። የጋራዡ ግማሽ ሥራ ነበሩ። ሁለት መካኒኮች ሌላ ቦታ ፈልገው ሄዱ፤ አንደኛው ሽፈራው፣ አሥር ዓመት አብሯቸው የሠራ፣ ዕቃውን ሲሰበስብ “ሽማግሌው ጆሯቸው ደከመ” ሲል ሰማሁት። ወሬው ከካዛንቺስ ቂርቆስ፣ ከቂርቆስ ቄራ ደረሰ። መዳፋቸውን ኮፈን ላይ ሲያሳርፉ ደንበኛው “ይሰማዎታል ጋሽ ከድር?” እያለ ጮክ ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ መጣ። “ይሰማኛል” ይላሉ፣ በእርጋታ። እኔ በመስኮቴ አያለሁ። አንድ ቀን እናገራለሁ እያልኩ ዓመቱ አለፈ።

በዓመቱ የሚቀጥለውን ሞዴል ሌላ ደንበኛ ይዞ መጣ። እጃቸውን ታጥበው ዳሰሱ፤ ከዚያ ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡ። ሌላ አንባቢ ይፈልጋሉ ብዬ ስለነበር ከክፍሌ አልወጣሁም። ስሜን ጠሩ። ሁለቱን መጻሕፍት ይዤ ሄድኩ።

“ዘንድሮ” አሉ፣ ዓይናቸውን እየከደኑ፣ “ያልተለወጠውንም አንብቢልኝ።”

ስድስት ጠዋት ፈጀብን። አምፖሉን በአምፖሉ፣ ፊውዙን በፊውዙ አነበብኩ፤ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለውን የማተሚያ ቤት ስም ሳይቀር። አንድ ጊዜ እንኳን ቶሎ በይ አላሉኝም። እዚያ እስከሠራሁ ድረስ በየዓመቱ እንዲሁ ነበር። ያን ያህል ታምኜ አላውቅም፤ በተለይ ደግሞ በገዛ ስህተቴ በጎዳሁት ሰው።

ቄራ ስደርስ ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰው ድንኳኑ ሞልቷል። ባለቤታቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው “ዓይኑ መጣች” አሉ፤ አጠገባቸው ላሉት ሴቶች ነው የነገሩት። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። የጋራዥ ሰዎች የተሰበሰቡበት ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ። ግርማ ጸጉሩ ሸብቷል። ሽፈራውም ነበር፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ስለ ደላላውና ስለ በሩ ድምፅ ይጨዋወታሉ፤ ስለ ክሪኩ። ከዚያ ግርማ የራሱን አነሳ።

“ዕድሜ ልካቸውን ሲሰሙ ኖረው አንዲት ቀን ብቻ ሳይሰሙ ቀሩ” አለ። “እሷም ሰው መርጣ በእኔ ላይ ወደቀች።”

ሰው ቀስ ብሎ ሳቀ። በፍቅር ነው የሳቁት።

“ከዚያ በፊትም ደክሞ ነበር ጆሯቸው” አለ ሽፈራው። “ክብራቸውን ነው የጠበቅንላቸው።”

ሰው በተሰበሰበበት የምናገር ሴት አይደለሁም። የገዛ እናቴ ለቅሶ ላይ እንኳን ሰው ጠይቆኝ ነው የመለስኩት።

“ጆሯቸው ደህና ነበር” አልኩ። “አላነበብኩላቸውም።”

ግርማ ዞረ። “ምን አልሽ?”

“ያቺን መስመር አላነበብኩላቸውም። ፈተና ነበረብኝ፣ ቸኮልኩ። ከዚህ በኋላ ያው ነው ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።”

የግርማን ፊት አየሁ፤ ያኔ ለአርብ የተጻፈለትን ደብዳቤ፣ አራቱን ልጆች አሰብኩ። የሚለውን ሁሉ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር።

“እሳቸው ያውቁ ነበር?” አለ።

“ያውቁ ነበር።”

“ቢሮ ሲገቡም?”

“ሲገቡም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነው ያልሰማሁት እኔ ነኝ ያሉት።”

ግርማ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። ወንበሩን ጎትቶ ወደ እኔ አስጠጋ። ድምፁ ሲመጣ ዝቅ ያለ ነበር።

“ምን ነበር የምትለው?”

“ማን?”

“መስመሯ።”

ተቀምጬ አልሆነልኝም፤ ቆምኩ። መጽሐፉ አላስፈለገኝም።

“የጎማ ምዕራፍ፣ ሦስተኛው ገጽ፣ ግርጌ። ‘አራቱም ጎማዎች በመጠን፣ በዓይነትና በእርጅና አንድ መሆን አለባቸው። ይህ ካልሆነ ጉልበት አካፋዩ ይጎዳል፤ አንዱ ሲቀየር አራቱም ይቀየሩ።’”

“ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው። ሁለት መስመር።”

ሽፈራው ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል “ድገሚው” አለኝ።

ደገምኩት፤ በቀስታ፣ ቃል ሳልዘል።